ከቁሐር ያመጣናት ታንኳ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔና ዘይነብ ከወረታ ወጣን። የምንሄደው ቁሐር ሚካኤል፣ የምንፈልገው ያረጀ ታንኳ ነው። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የሰበሰቡትን የጥንት ዕቃ የሚያሳይበት አንድ ክፍል አዘጋጅቷል። የሌሎቹ ቡድኖች መደርደሪያ ላይ ጋሻም ያረጀ ሞሰብም ተቀምጧል፤ የእኛ ባዶ ነው። ክፍሉ ሰኞ ይከፈታል። የታሪክ መምህራችን ደግሞ ባዶ የተገኘው መደርደሪያ ለሌላ ቡድን እንደሚሰጥ ነግረውናል።

የዘይነብ አባት ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዳቦ ቋጠሩልን። እኛም በስሙኒ ሸንኮራ ጨመርንበት።

ጥቅምት ቢገባም ውሃው ከሜዳው ገና አልሸሸም። ጫማችንን አውልቀን ገባንበት። ተወልጄ ያደግሁት ወረታ ነው፤ ሜዳውን ግን የማውቀው ከመኪናው መንገድ ሆኜ ነበር። መሀሉ ሲደርሱ ሰማዩ ከላይም ከታችም አለ። ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሲግጡ ደመና የሚበሉ ይመስላሉ።

ሦስት ሰዓት፣ አያ ታከለ ደጅ

አያ ታከለ ገበሬ ናቸው፤ ክረምት ሜዳው ሲሞላ ሰው የሚሻገርበትን ታንኳ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

"ካለዎት ታንኳ ሁሉ የቆየውን ያሳዩን" አልኳቸው።

በረቱ ጥግ ወደ ተጋደመ ጥቁር ክምር ወሰዱን። "ይኸው። የነሐሴ ነው።"

"የየትኛው ዓመት ነሐሴ?"

"ያለፈው ነዋ፤ የየትኛው ይሁን?"

ዘይነብ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ለካ ደንገል ውሃ እየጠጣ በሁለት በሦስት ወር ይበሰብሳል፤ ከዚያ ደርቆ ማገዶ ይሆናል። "የአባቴ ታንኳማ ስንቴ ወጥ ሠርታለች" አሉ።

ባዶው መደርደሪያ ታየኝ፤ እንባዬም መጣ። አያ ታከለ አዩኝ።

"ታንኳዋ አትቆይም እንጂ አሠራሯን ከአባቴ ነው የተቀበልኩት። ከፈለጋችሁ እሱን ውሰዱ።"

"እንዴት ይወሰዳል?"

"በእጅሽ ነዋ። ተቀመጪ።"

ደንገሉን አንዱን በጫፉ፣ አንዱን በግንዱ እያቀያየሩ ደረደሩ። በልጥ ጠመጠሙና በጉልበታቸው ተጭነው ሳቡት። ከዚያ እኛ ሞከርን፤ የእኔን ሦስት ጊዜ ፈቱት። "ይኼ ታንኳ ነው ወይስ ወንፊት?" አሉኝ። የዘይነብ ግን በመጀመሪያው ጠበቀ፤ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስታስር ነው ያደገችው።

"የነጋዴ ልጅ፣ የት ነበርሽ እስከዛሬ?" አሏት።

ከሰዓት በኋላ ክንድ ተኩል የምትሆን ታንኳ ጨረስን። ውሃው ላይ አኖሯትና ትልቅ ድንጋይ ጫኑባት። ጠዋት ሣር የነበረው ነገር ድንጋዩን ተሸክሞ ቆመ። እኔም የተቆራረጠ መዳፌን እያየሁ ቆምኩ።

ሰኞ

ከየዕቃው ጋር የሚሞላ ወረቀት አለ። "ዕድሜ" በሚለው ላይ "ሁለት ቀን" ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን አነበቡት።

"ሁለት ቀን ዕድሜ ያለው ነገር ቅርስ ነው?"

ከቁሐር ይዘነው የመጣነውን ትርፍ ደንገል ወለሉ ላይ ዘርግቼ መደርደር ጀመርኩ፤ ዘይነብ ልጡን ያዘች። ተማሪው ከበበን። ማጥበቂያው ላይ ስንደርስ ጉልበታችን አልበቃ አለ።

"ጓድ መምህር፣ እዚህ ላይ ይጫኑልን" አልኳቸው።

ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ። "እንዲህ ነው?"

"ጠበቅ ያድርጉት።"

ቤት ስገባ እናቴ መዳፌን አይታ ምን አገኘሽ አለችኝ። መደርደሪያው የእኛ ሆነ አልኳት። ታንኳዋ ደርቃ ስትሰባበር ሌላ እንሠራለን፤ አሁን በትምህርት ቤቱ አሠራሯን የምናውቀው ሦስት ነን፣ አንዱ መምህሩ።