እትዬ ጽጌ ካርታው ላይ የሉም

ጠዋት፣ ሱቅ ዐረቢ

ከቤት የወጣሁት እትዬ ጽጌን ፍለጋ ነው። እንደ እኛ ከአገር ቤት የመጡ፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ የሚኖሩበትን የሐጅ ዩሱፍ ሠፈር ጎርፍ ካጥለቀለቀው ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። የሠፈሩ በጎ ፈቃደኞች በስልክ የሚያዩት ካርታ አላቸው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው መልእክት ሲልክ ቤቱ ላይ ቀይ ነጥብ ይወጣል፤ ድንኳን ሲደርሰው አረንጓዴ ይሆናል። እትዬ ጽጌ ቤት ላይ ምንም ነጥብ የለም።

«እንግዲህ ደህና ናቸው ማለት ነው» አልኳት እናቴን።

«ደህና ከሆነች ለምን አትደውልም?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሱቅ ዐረቢ መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ዋጋውን እጥፍ አድርጎታል። ረዳቱን «ጎርፉ ቤንዚንህን ጠጣብህ?» ስለው ሳቀና «ያላ፣ ግቢ» አለኝ።

ቀትር፣ ሐጅ ዩሱፍ

አስፋልቱ ሲያልቅ በባለሦስት እግሩ ረክሻ፣ ረክሻውን ጭቃ ሲይዘው ደግሞ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ በእግሬ ሄድኩ። የጭቃ ግድግዳው ሁሉ ተንዷል፤ አልጋና ቁም ሣጥን መንገድ ላይ ቆሟል። አንዲት ሴት እዚያው ጭቃው መሀል ፉል ትሸጣለች። ራበኝና በላሁ።

የእትዬ ጽጌ ቤት ቆርቆሮው መሬት ላይ ተኝቷል። እሳቸው ግን ከጎረቤታቸው ከሐጃ ዘይነብ ጋር አንድ ላስቲክ ሥር ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ። ደስታዬ ወዲያው ንዴት ሆነ።

«ምነው እትዬ፣ በሰው ስልክም ቢሆን መልእክት ቢልኩ? ድንኳን እየታደለ እኮ ነው!»

«መኖሪያ ፈቃድ የለኝም፣ ልጄ። ቤቴን ካርታ ላይ ላሳይና ሹርጣ መጥቶ እስር ቤት ይውሰደኝ?»

ካርታውን የሠሩት ልጆች ይህን አላሰቡም። እኔም የመኖሪያ መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለ አስቤው አላውቅም።

ሐጃ ዘይነብ ምን እንደምንባባል በዐረብኛ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«የቸገራችሁ እሱ ነው?» አሉ። «የእኔ ነጥብ ላይ ጨምሪ። ሁለት ድንኳን በይ። ለማን ካሉ፣ ለእህቴ በያቸው።»

ጻፍኩ። እትዬ ጽጌ በሽንኩርቱ አመካኝተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ማታ፣ ቤት

ስመለስ ነጥቡ ገና ቀይ ነበር። ካርታው የሚያየው መታየት የማይፈራውን ሰው ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያየው ጎረቤት ነው። ይህን ለእናቴ ነግሬ ተኛሁ።

ጠዋት ነጥቡ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ሥሩ «ዘይነብና እህቷ፣ ሁለቱም ደርሷቸዋል» ይላል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።