የአባቴ ታክሲ ዝናብ መጥረጊያ ለምን እንደቆመ

እና ወረቀት ዝናብ መጥረጊያ አያቆምም ነው የምትሉኝ? ያቆማል። ክረምቱን ሙሉ ያቆማል። ከእናንተ ጋር አልከራከርም፤ ከኮተቤ እስከ ካራ «መጥረጊያዬ እምቢ አለ» ያለ ሹፌር ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ኮፈን ሳልከፍት በድምፁ ብቻ ፊውዝ ይሁን ሞተር ይሁን እነግረዋለሁ። ውሸት ከሆነ ጢሜን ላጩኝ፣ ጢም ባይኖረኝም።

አንድ ድምፅ ግን አለ፣ እሱን ስሰማ ጉራዬ ሁሉ እንደ ጉም ይበናል። መጥረጊያው «ዥ» ብሎ እስከ ግማሽ ይወጣና «ጠቅ» ብሎ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ መኪና ልክ እንደዛ ስትል፣ ካቻቢቴ በእጄ እንደያዝኩ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ቤታችን ላምበረት ነበር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች ላይ። አባቴ ሰይድ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነበረችው፣ እኔን ተዉኝ፣ እናቴን በዕድሜ የምትበልጥ። ማታ ግቢ አስገብቶ ሲያቆማት እጁን ሳይታጠብ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «አሪፍ ነው» እለው ነበር። አልዋሸሁትም፣ የእረፍት ሰዓቱ በጣም አሪፍ ነበር።

ሰኔ አልቆ ካርድ ሲሰጠን አርባ አንደኛ ወጣሁ፣ ከአርባ ሦስት። አባቴ «ስንተኛ?» ሲለኝ «ሦስተኛ» አልኩት፣ «ካርዱስ?» ሲለኝ «መስከረም ላይ ነው የሚሰጡን» አልኩት። ካርዱን እንዳልቀደው፣ ወላጅ ፈርሞበት ካልተመለሰ አይመዘግቡም፤ ቤት እንዳልደብቀው፣ እናቴ የማትከፍተው ነገር የለም። ስለዚህ ግቢ የቆመችው ታክሲ የፊት መስታወት ሥር፣ ወንፊት የመሰለው አየር ማስገቢያ ላይ፣ ለጊዜው ብዬ አጥፌ ስሰካው ሸርተት ብሎ ገባ። በጣቴ ብሞክር፣ በሽቦ ብሞክር፣ የለም።

በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፣ መጥረጊያው ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆመ፣ ፊውዙም ተቃጠለ።

መጥፎ አጋጣሚው፣ ከሁለት ቀን በፊት ያንኑ መጥረጊያ ከማል ነክቶት ነበር። ከማል ታክሲ ተራው አጠገብ ቆርቆሮ ከልሎ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት ነው፣ ከደሴ መጥቶ መናኸሪያው ላይ ሲወርድ ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቀ እዛው የቀረ ነው እያሉ ሾፌሮቹ ይቀልዱበት ነበር። የመጥረጊያውን ሞተር አጽድቶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ ያሰረው እሱ ነው፣ እኔም ያን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብሎን ስቆጥርለት ነበር።

«ጤነኛ መኪና ሰጥቼህ ገደልክብኝ» አለው አባቴ፣ ታክሲዋን ተራው ላይ አምጥቶ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይስሙኝ» አለ ከማል፣ ሞተሩን ነቅሎ ከባትሪ ጋር እያገናኘ። «ይኸው፣ ለብቻው እንደ ልቡ ይዞራል። ታች ክንዶቹን የያዘብን ነገር አለ፣ ሽፋኑን ልክፈተው።»

«ክፈት ክፈት እያልክ ነገ ቤቴንም ልክፈት ትላለህ።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ከማል ግን ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ሽፋኑ ተጠጋ፣ ከተከፈተ አርባ አንደኛው ሊወጣ ነው። አባቴ በዛች ደቂቃ ዞሮ «አንተ አብረኸው ነበርክ፣ ምን ሲያደርግ አየህ?» አለኝ።

«ሽቦ ሲቆርጥ አይቻለሁ» አልኩ።

«ምን?» አለ ከማል።

«ሦስተኛ የወጣ ልጅ ነው፣ ያየውን ያውቃል» አለ አባቴ፣ ኮፈኑንም ዘጋው።

ሐምሌን በገመድ ነዳን። በሁለቱ መጥረጊያዎች ላይ ሲባጎ አስረን፣ አንዱን ጫፍ አባቴ በሱ መስኮት፣ ሌላውን እኔ በኔ መስኮት ይዘን፣ እሱ ሲስብ እኔ እየለቀቅኩ፣ እኔ ስስብ እሱ እየለቀቀ፣ ከመገናኛ እስከ ሲ.ኤም.ሲ እንደዛ እየጠረግን እንሄድ ነበር። ተሳፋሪ ሲስቅ «አውቶማቲክ ነው፣ በኔ ነው የሚሠራው» እል ነበር፣ ክንዴ እስኪገነጠል እስብ ነበር፣ አባቴም በአንድ እጁ መሪ ይዞ «ጎበዝ የኔ ልጅ» ይለኝ ነበር። ከተራው ፊት ስናልፍ ግን ከማል ባትሪው ላይ ቁጭ ብሎ ዝናቡን ሲያይ አየው ነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሦስት መኪና ይቆምለት ነበር፣ በኋላ አንድ፣ ነሐሴ ላይ ምንም። ሽቦ የሚቆርጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ማን መኪናውን ይሰጣል? እኔ እንኳን አልሰጥም።

ጳጉሜ ገባና ምዝገባ ደረሰ። ለከማል አዝኜ ሄድኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ካርዱን ፈልጌ ነው የሄድኩት። አባቴ ጁምዓ ሊሰግድ ታክሲዋን ከመስጊዱ ማዶ አቁሞ ሲገባ፣ እየሮጥኩ ከማል ጋ ሄጄ «ና ክፈተው» አልኩት። ምንም ሳይጠይቀኝ መጣ፣ አራት ብሎን ፈታ፣ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ካርዴን ከብረቶቹ መሐል ጎትቶ አወጣው፣ ረጥቦ፣ ጥግ ጥጉ ተፈጭቶ።

«አንዋር ሰይድ» ብሎ ስሜን እንደ ፖሊስ አነበበው። «አርባ አንደኛ። ከኋላህ ያሉት ሁለቱስ?»

«አልተፈተኑም።»

ሳቀ፣ በጣም ሳቀ፣ ከዛ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ሽቦ ቆረጠ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ለአባትህ እኔ አልነግረውም። አንተ ትነግረዋለህ» አለና ካርዱን አጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተው።

አባቴ ከመስጊድ ሲወጣ ከማልን መኪናው ላይ ተደፍቶ አይቶ እየተቆጣ መጣ። ከማል አዲስ ፊውዝ ሰክቶ «ቁልፉን ያዙሩት» አለው። መጥረጊያው ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ካፊያውን እንደ ቅቤ ጠረገው። አባቴ ፊቱ በራ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወረቀት ገብቶበት ነው።»

«የቆረጥከው ሽቦስ?»

ከማል ዞሮ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፣ በዓይኑም አልጠቀሰኝም፣ እንድናገር ጠበቀኝ። መጥረጊያው ሰባት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ በሕይወቴ ሒሳብ ያልተሳሳትኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

«ቀጥዬዋለሁ፣ ጋሽ ሰይድ» አለ ከማል።

አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አየህ፣ ሰው ጥፋቱን ሲያምን እንዲህ ደስ ይላል። አላህ ይቅር ይበልህ።»

እስከዛ ቀን ወሬ ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ራሱ ያመነው ሆነ። መስቀል ሳይደርስ ባትሪውን ለአንድ ጎሚስታ ሰጥቶ፣ በመጣበት መናኸሪያ በኩል አውቶብስ ተሳፈረ። ስሰማ ኳስ እየተጫወትኩ ነበር፣ ጨዋታውንም አላቋረጥኩም።

ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወኝ፣ እኔም ተውኩት። ኮረኮንቹ አስፋልት ሆኗል፣ ያኔ የሰው አፍ ይፈርድበት የነበረውን ብልሽት ዛሬ ኮምፒውተር ሰክቶ ማንበብ ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ አባቱን አይፈራም። አባቴ አርጅቶ መንዳት ትቷል፤ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ለደንበኞቼ «ይሄ ልጅ እኮ በአሥር ዓመቱ ሽቦ ቆራጭ ያጋለጠ ነው» ይላቸዋል፣ እኔ የጠፋ ብሎን እንደሚፈልግ ሰው መኪና ሥር እገባለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዛ ሻይ ይመጣል።

አሁንም ካላመናችሁኝ ላምበረት ሂዱ፣ ያኔ ተራው ላይ የነበረ ሹፌር አሁንም አይጠፋም፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ከማል የሚባል ሽቦ ቆራጭ ነበር ይሏችኋል፣ በዓይኑ ያየ ምስክር አለ ይሏችኋል። ማነው ምስክሩ በሏቸው።