በደብዳቤው ልክ የተቆረጠ ኮሌታ

ሰፈሩ «ቀጥ በሉ» ይላት ነበር። ሰው ስትለካ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ትንሽ ትልቅ ሳትል፣ «ቀጥ በሉ! ጎባጣ ልብስ አልሰፋም» ስለምትል ነው። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ሱሪ ሊያሰፉ መጥተው፣ «ኧረ ቀጥ በሉ ጌታዬ፣ ጦር ሜዳም እንዲህ ነበር የቆሙት?» ብላቸው ሰውየው ራሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ግን እትዬ ነበር የምላት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ደግሞም እንጀራዬ በእጇ ነበር።

እኔ ቁልፍ ተካይዋ ነበርኩ። እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እጠልፋለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚያች ቤት ካለን ትልልቅ ሰዎች ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ይቺን ነገር አስቀድሜ መናገሬ ያለ ነገር አይደለም።

ቤቷ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በመስኮቷ አላፊ አግዳሚውን ከወገብ በላይ አናየውም፤ ሰውን የምናውቀው በጫማው ነው። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የወረቀት ጥቅል አለ። ጥቅሉ የእትዬ ደብተር ነው። እሷ ቁጥር ስለማትጽፍ ልኩን ሁሉ በወረቀት ቆርጣ ነው የምታስቀምጠው፤ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ። ያገኘችውን ወረቀት ትቆርጣለች፤ የሲሚንቶ ከረጢትም ይሁን ያለፈ ዓመት ካላንደር። ጠንከር ያለ ወረቀት ያየች እንደሆነማ ዓይኗ ይበራል።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። አባትየው ልጅቱ ዳዴ ስትል ነው የሞተው። ልጅቱ ዝምተኛ ናት፤ ስታጠና ግን ጮክ ብላ ነው፣ እኛም መርፌያችንን እየወጋን አብረናት ስለ ወንዝና ስለ ተራራ እንማር ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረችው እዚያው ከጎናችን ካለው ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ ቀሚሷን ልታሳጥር ጎራ ስትል፣ «እትዬ፣ ልጅሽ ሒሳብ ደፈነች እኮ» ትላለች፤ በቃ፣ የወላጅ ስብሰባው ያው ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ወረቀት ይመጣ ነበር፤ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ልጆቻችሁን በንጽሕና ላኩ» የሚል። አንብቤላት ስታበቃ ኪስ ይቆረጥበታል።

ሰባተኛ ክፍል ግን ሌላ ነው። መካከለኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሁለት ሰፈር አልፎ፣ ትልቅ ግቢ ያለው፣ ተማሪው የማይቆጠር፣ አስተማሪው በየሰዓቱ የሚቀያየር ነው። ወላጅን የሚያውቀው በወረቀት ብቻ ነው።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። ያ ሰሞን ደግሞ ለእኛ መተንፈሻ የሌለው ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚያሰፋው እኛ ዘንድ ነው። ልጅቱ ከአዲሱ ትምህርት ቤት የታሸገ ፖስታ ይዛ ገባች።

«እማ፣ ለወላጅ ነው አሉ። አንቺ ራስሽ ክፈችው።»

«እኔ ከፍቼ ምን ላደርገው? ለአክስትሽ ስጫት።»

አክስትሽ ያለችው እኔን ነው። አፌ ውስጥ ሁለት መርፌ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አርባ ሸሚዝ ተቆልሏል። ፖስታውን ቀደድኩና አየሁት። «ውድ ወላጅ፣ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሰዎ» ይላል። ቀጥሎ ስለ መተባበር፣ ቀጥሎ ስለ መልካም ሥነ ምግባር፣ ረጅም ነው። ወረቀቱን አላገላበጥኩትም።

«ምን ይላል?»

«ሰላምታ ነው» አልኳት።

«እግዜር ይስጣቸው» አለችና ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ውይ! እንዴት ያለ ወረቀት ነው! እንዲህ ያለውን ለሰላምታ?» ወዲያው መቀሷን አነሳች። የዚያን ዓመት ኮሌታ የተቆረጠው በሱ ልክ ነው።

ሁለተኛው መጣ። «ያው ሰላምታው ነው» አልኩ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቼ። እጅጌ ሆነ። ሦስተኛው ሲመጣ ጭራሽ አልጠየቀችኝም፤ ከነፖስታው ኪስ ቆረጠችበት። ልጅቱም ደብዳቤዎቹን በእጇ አድርሳለች፣ እናቷ ተቀብላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትጠይቅ?

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ እየሮጠች ገባች። ዱቄቱ እንኳ ከክንዷ አልረገፈም።

«እህቴ፣ አፈር ስሆን! ለሰኞ ዩኒፎርም ድረሺልኝ። ልጄ ተጠባባቂ ነበረች፣ ትናንት ጠርተው ቦታ ተገኘላት አሉኝ!»

«እሰይ! እንዴት ተገኘ?»

«የሆነ ወላጅ ሳይመጣ ቀርቶ ነዋ። ሦስቴ ቢጠሩት ዝም።»

እትዬ መርገጫውን አቆመች። «ኧረ ምን ዓይነት ወላጅ ነው? ልጁን ሜዳ ላይ የሚጥል!»

«እኔ ምን አውቄ፤ ዕድሉ ላይ የተኛ ይሆናል። ለእኔ ግን ሲሳይ ነው።»

«በይ ልጅሽን አምጫት። ቀጥ በይ በያት ደግሞ።»

ያንን ዩኒፎርም የሰፋነው ከሁሉ አስቀድመን ነው። የልጅቱን፣ የራሷን ልጅ ማለቴ ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተረፈው ጨርቅ ሰፋንላት። የሁለቱ ኮሌታ ከአንድ ብጫቂ ወጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ድስቱ አጠገብ ተቀምጬ ያረረው ሳይሸተኝ መቅረቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ የትምህርት ቤት ጫማ በመስኮታችን አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ። ልጅቱ ናት። ደረጃውን መውረድ ፈርታ ነው።

«ምነው? ምን ረሳሽ?» አለች እትዬ።

«ስሜ የለም።»

«የት ነው የሌለው?»

«ዝርዝሩ ላይ። ሁሉም ክፍል በር ላይ አየሁ። ጸሐፊዋ እናትሽ አልፈረመችም፣ እስከ ዓርብ አስር ሰዓት ነበር አለችኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደብዳቤው ላይ ተጽፏል አለች።»

እኔ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ተነስቼ ጥቅሉን ከሚስማሩ አወረድኩ። ኮሌታውን አገላበጥኩት። ከጀርባው፣ አንገት በሚገባበት ጎድጓዳ ዳር፣ «...በአካል ቀርበው ካልፈረሙ ቦታውን እንደለቀቁ ተቆጥሮ ለተጠባባ...» ይላል። የቀረው ከቁርጥራጩ ጋር ተጠርጎ ሄዷል።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። እትዬ ብድግ አለች። ሜትሯን ከአንገቷ እንኳ ሳታወርድ ወጣች። እኔ ሦስቱን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልዬ ተከተልኳት፤ ልጅቱ ከኋላችን።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ «ዛሬ ወላጅ አይገባም» አለ።

«ዓርብ ነይ ያላችሁት እኔን ነው።»

«ዛሬ ሰኞ ነው እናቴ።»

«አውቃለሁ ሰኞ መሆኑን!» ገፍታው ገባች። እሱም አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አይቶ ነው መሰለኝ፣ ልትለካ የተጠራች መስሎት ተዋት።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ተሳድበን እንወጣ ነበር። ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም።

«ሦስት ደብዳቤ ልከናል እናቴ። ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ?»

እኔ ጨርቁን ፈታሁና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አየን፣ መልሶ አጠለቀ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ደብዳቤዎ ነው» አለች። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ ጠመኔ ልትወስድ ገባች። እትዬ በጣቷ ጠቆመቻት። «ያውልዎት! አንገቷ ላይ ያለው በእርስዎ ደብዳቤ ልክ የተቆረጠ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ደብዳቤዎን ለብሶታል። ያልለበሰችው የኔ ልጅ ናት።»

«ለብሻለሁ እኮ እማ» አለች ልጅቱ ከበሩ፣ ቀስ ብላ።

ተማሪዋ ኮሌታዋን ይዛ ወጣች። ሰውየው፣ «ቦታው ዓርብ ዕለት ተሰጥቷል። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሰባ ልጅ ነው ያለው። የሌላ ሰው ልጅ አስነስቼ የእርስዎን አላስቀምጥም» አለ።

«የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ናት አይደል?»

አንገቱን ደፋ።  ሰውን ሁሉ ቀጥ በሉ የምትል ሴት ወገቧ እጥፍ ብሎ ጉልበቱን ልትስም ስትወርድ ልጅቱ አየቻት። ዓይኗን ጨፍና ሮጠች። እኔ እስከ ዛሬ የሚታየኝ የእትዬ ማጎንበስ ሳይሆን የልጅቱ ዓይን መጨፈን ነው።

«የሚመጣው ዓመት መጀመሪያ ያምጧት» አለ ምክትሉ፣ አንስቷት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስደቢኝ» አልኳት። እሷም፣ «አንቺ እንኳ አንድ መስመር አንብበሻል። እኔ ምን አነበብኩ?» አለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ያ ዓመት እንዴት እንደ አለፈ አልጽፈውም፣ አብዛኛውም ከልቤ ወጥቷል። ልጅቱ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ጮክ ብሎ ማንበብ ቀረ፤ ወንዙም ተራራውም ቀረ። እጇ ፈጠነ፤ ከእናቷ ይልቅ ቀጥ አድርጋ ትሰፋ ጀመር፣ ደንበኞችም «የልጅቱ እጅ ይሁንልን» አሉ። እትዬ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። የተጻፈበት ወረቀት መቁረጥ ተወች። ስኳር የተጠቀለለበት ቁራጭ ሳይቀር፣ «አንብቢልኝ፣ በጀርባውም እይው» ትለኝ ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ደግሞ ደረሰ። ዩኒፎርሙ እንደ ጎርፍ መጣ። ልጅቱ ግን «አልመለስም» አለች። «ከትናንሽ ልጆች ጋር አልቀመጥም። ያቺ የዳቦዋ ልጅ ስምንተኛ ናት። ደግሞ ለቤቱ ማን ይሰፋል?»

እናትየው ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በአባቷ አጽም ተማጸነቻት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የወላጆች ስብሰባ የተጠራው ሐሙስ ጠዋት ነው። እትዬ ገና በሩ ሳይከፈት ሄዳ ቆመች፤ እኔንም ይዛኝ። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ምክትሉ ስለ መተባበር፣ ስለ ሥነ ምግባር ተናገረ፤ እሷ ከንፈሩን ነው የምታየው። የፊርማ መዝገብ ሲዞር ጸሐፊዋ፣ «የማን ወላጅ ነዎት?» አለቻት።

«የማንም።»

«እ? ልጅዎ የታለች?»

«መኪና ላይ ናት። እምቢ ብላኛለች። ግን ስብሰባ ስላላችሁ መጣሁ።»

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። ምክትሉ ከመድረኩ አያትና ወረደ። በሜትሯ ነው ያወቃት መሰለኝ። መዝገቡን ራሱ ያዘላት። አውራ ጣቷን አተመች፤ ስሟን ከጎኑ እኔ ጻፍኩላት። «ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ካልተገኘች ግን ምንም ማድረግ አልችልም» አለን።

ሰኞ ማለዳ ልጅቱ እንደ ልማዷ ተነስታ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ያልተሰፋ ዩኒፎርም እስከ መስኮቱ ተቆልሏል፤ ሰዎቹ ሊወስዱ ደረጃው ላይ ቆመዋል። እትዬ ጎንበስ አለች። መዘውሩን የሚያዞረውን የቆዳ ቀበቶ ጎትታ አወለቀች፣ ጠቀለለች፣ ጡቷ ሥር ከተተችው። ልጅቱ መርገጫውን ረገጠች፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

«እማ፣ ምን ማድረግሽ ነው? ሰዉ ቆሟል እኮ!»

«ይቁም።»

«ደንበኞችሽ ይሄዳሉ!»

«ይሂዱ። በዚህ ቤት ትምህርት ቤት ሳትሄጂ መኪና አይዞርም።»

አንዷ ሴትዮ ከደረጃው፣ «ኧረ በገላጋይ! የኔንስ ማን ይጨርስልኛል?» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ብዙ ጊዜ ቁጭ አለች፤ በመስኮቱ የልጆች ጫማ በጫማ ላይ ያልፋል። በኋላ ተነሳች። ያለፈው ዓመት ዩኒፎርም አጥሯት ነበር፤ እጥፋቱን እኔ እቆመችበት ተንበርክኬ ፈታሁላት። የታጠፈበት መስመር እንደ ጠባሳ ቀረ።

መንገዱን ሁሉ ከፊታችን ሄደች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች። እናቷን አይደለም፣ በእናቷና በእኔ መካከል ነው ያየችው።

«ዛሬ ወረቀት ቢሰጡኝስ፣ ለማን ነው የምሰጠው?»

እትዬ ቀና ብላ እኔን አየች። 

«ለእኔ» አልኩ። «ግን አንቺ ፊት ነው የማነበው፣ ከጀርባውም ጭምር።»

ገባች። እትዬ ጥበቃው በሩን እስኪዘጋ ድረስ ቆመች፤ ከተዘጋ በኋላም ቆመች። እጇ ከጡቷ ሥር ያለውን ቀበቶ እንደ ጨበጠ ነበር።