ቀፎ የተሰቀለበት ባዶ መሬት

እስከ ትናንት ድረስ ይህችን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስንት ዓመት ስናዘዝ፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን ዘልዬ፣ «ይፍታህ» ተብዬ ነው የምነሣው። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ግን ስማኝ እንጂ ለመፍታት አትቸኩል።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ልጄ ቤት ሄጄ፣ የልጅ ልጄ ቤዛ የትምህርት ቤት ሥራዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አሜሪካኖች ወደ ምዕራብ ሲስፋፉ የሚያሳይ ካርታ ነው። የባቡር ሐዲዱን ጥቁር፣ ፋብሪካዎቹን ቀይ፣ ከአውሮፓ መጥተው መሬት በነጻ የታደሉትን ስደተኞች አረንጓዴ ቀብታለች። አንድ ሰፊ ቦታ ቀራት።

«አባባ፣ ከትሬኑ ቢፎር እዚህ ማን ነበር? ምን ከለር ላድርገው?»

«ተዪው፣ ባዶ ነው» አልኳት።

ይህን ቃል አፌ የት ለመደው? ልንገርህ። በደርግ ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ መሬት ቀያሽ ነበርኩ። ድርቅ የመታቸው የሰሜን ገበሬዎች ወደ ምዕራብ ተወስደው ይስፈሩ ሲባል፣ ቦታውን ለክቼ ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ቅጹ «ነባር ነዋሪ» የሚል መስመር ነበረው። ዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ በዓይኔ አየሁ። ቀፎ በራሱ ዛፍ ላይ ይወጣል? የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የሰው ቀፎ ሥር እንኳ እንዳንቆም እየተቆጣ ነው ያሳደገን። እያወቅኩ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

በማግስቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ቋንቋውን አላውቅም። ዛፉን ያሳየኛል፣ ደረቱን ይመታል፣ አሁንም ዛፉን ያሳየኛል። ይህ አስተርጓሚ ይፈልጋል? ገብቶኛል። ያልገባው ሰው መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ዓይኑ እያየ ጓደኞቼ ቀፎውን አወረዱ፤ ማሩን በላን። እኔም በላሁ፣ ጣፈጠኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መጣፈጡ ነው። ዛፎቹ በወሩ ተመነጠሩ፤ ሰውዬውን ዳግመኛ አላየሁትም።

ታዝዤ ነው አልልም። አለቃዬ ቦታውን አልረገጠም፤ ያመነው የእኔን ጽሑፍ ነው። ለተራቡት ብዬ ነው አልልም፤ እነሱም ወደው ሳይሆን በጭነት መኪና ታጭቀው ነው የመጡት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ንቄ ነው።

ኋላ ራሴ ተሰድጄ ቶሮንቶ ገባሁ፣ ኢስት ዮርክ ቤት ገዛሁ። እዚህ ስብሰባ ሲከፈት የመሬቱ ነባር ባለቤቶች የሆኑት ነገዶች ስም ይነበባል። ስንቴ ሰማሁት፣ ያውም እያዛጋሁ።

ትናንት ለቤዛ ኮል አደረግኩ። «ካርታውን ከአስተማሪሽ ተቀበዪ፤ ባዶ አልነበረም፣ ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «ሃው ዱ ዩ ኖው፣ አባባ?» አለችኝ። ቀፎውንም፣ ሰውዬውንም፣ ማሩንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውዬውን ስም።

አልጠየቅኩትም። በቋንቋ አልተግባባንም ልላት ጀምሬ ተውኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ደረቱን ሲመታ ምናልባት ስሙን እየነገረኝ ነበር።