የማርስ ሁለተኛ ዓይን

አለቃ ድረስ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ቀለሙን ከአፈርና ከቅጠል ራሳቸው ያዘጋጃሉ። በሥራቸው ከአባቶች ወግ አንዲት ፀጉር ወዲያ ወዲህ ብለው አያውቁም፦ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው፤ ሰይጣን፣ ከሀዲ፣ ሰማዕት የሚገርፍ ወታደር በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ይህንን የማያውቅ ገበሬ በአካባቢው አልነበረም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት የጦር ሰፈሩ ካፒቴን አስጠራቸው። አስተርጓሚው አብዱልቃኒ ነበር፤ የይጁቤ ነጋዴ ልጅ፣ ምጽዋ ሲመላለስ ቋንቋውን የለመደ።

ካፒቴኑ አንድ መጽሐፍ ገለጠ። በግራው ገጽ የግሪክ አማልክት፣ በቀኙ የሮማ።

«የግሪኩን ዜውስ እኛ ጆቬ እንለዋለን ይላል። ሄርሜስን ሜርኩሪዮ፣ አርጤምስን ዲያና» አለ አብዱልቃኒ።

አለቃ ሄርሜስንም አርጤምስንም ከሐዋርያት ሥራ ያውቋቸዋል። «ያው ጣዖቶቹ ናቸው እንዴ? ስም እየለወጡ መውሰድ ነዋ! አምላክ የቀማ አገር ቢቀማ ምን ይገርማል?»

«ኧረ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አለቃ!»

ካፒቴኑ አንዱን ሥዕል በጣቱ መታ መታ አደረገ። ማርስ፣ የጦር አምላክ። በመኮንኖቹ የመብል አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ይሣልልኝ አለ። ልዩነቱንም አስረዳ፦ የግሪኩ አሬስ ጯሂ ነው፣ ደም የጠማው፣ አባቱ እንኳ የሚጠላው፤ የሮማው ማርስ ግን የከተማይቱ አባት ነው፣ እርሻ ይጠብቃል።

እርሻ ይጠብቃል! በዚያው ሳምንት ከገደል ማዶ ወታደሮቹ የለኮሱት የገበሬ ክምር ሲነድ ጭሱን ያላየ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቆሞ መስማት፣ ሰምቶም ራስ መነቅነቅ፣ ምን ዓይነት ፍዳ ነው!

ስድስት ቀን ሣሉ። ጦሩን፣ ጋሻውን፣ የብረት ልብሱን ጥሩሩን ጨረሱ። አንገቱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ሁለት ዓይን ይስጡትና በሕይወት ይምጡልኝ» አሉ ለምሳ ቤት ሲገቡ ነገሩን የሰሙት ባለቤታቸው ወለተ ሥላሴ። «የመብል ቤት ግድግዳ መቅደስ አይደል።»

«እጁ ግን ያው እጅ ነው፤ ማርያምን የሣልኩበት።»

«እሱን ሲቆርጡትስ በምን ሊሥሉ ነው?»

አለቃ የቀረበውን ምሳ ትተው ተነሡ።

በማግሥቱ አብዱልቃኒ ጠጋ አለ። «እስላም ነው አያውቅም ብለው እንዳይታለሉ። የአንድ ዓይኑን ነገር አውቃለሁ። ካፒቴኑ ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ሦስት ልጅ አለኝ አለቃ።»

«ሁለት ዓይን ብሰጠውስ? እዚህ እንጨት የሚያመላልሰው ገበሬ ጻድቅ መስሎት ግድግዳውን ቢሳለም፣ ኃጢአቱ በማን ነው?»

አለቃም የማርስን ፊት ወደ ጎን አዞሩና አንዷን ዓይን አገቡ።

ካፒቴኑ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ሥዕሉንም አየ።

«ፊቱ ስለ ምን ግማሽ ሆነ? ይላል» አለ አብዱልቃኒ።

አለቃ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «በአገራችን ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ደም የሚያፈስ ግን በጎን ነው የሚሣል በለው።»

አብዱልቃኒ ለካፒቴኑ ነገረው። አለቃ ጣሊያንኛ አይሰሙም፤ ያላቸው ነገር የካፒቴኑን ፊት ማየት ብቻ ነው። ቅንድቡ ተነሣ። እጁ ወደ ሽጉጡ ወረደ፤ ቀበቶውን ሊያስተካክል ኖሯል። ከዚያ ሳቀ፣ ትከሻቸውን መታ አድርጎ ወጣ።

«ምን አልከው?»

«ጻድቅ የሚለውን ዋጥኩት። ደም የሚያፈስ የሚለውን ግን ሳልቀንስ ነገርኩት።»

«እና?»

«ደስ አለው! ማርስ ማለት ልክ እንዲህ ነው አለ።»

«እንግዲያ አባቱ የሚጠላው የግሪኩ አሬስ ራሱ ነዋ! እርሻ ጠባቂው የት ገባ?»

«ደግሞ ነገ የግሪኩን ከጎኑ ይሣልልኝ ብሏል፤ ልዩነቱ እንዲታይ።»

«አንዱን ሁለት ጊዜ አልሥልም በለው።»

«እሱንስ አልተረጉምም። ታመዋል እላለሁ።»

ውሸትም አልሆነ፤ ፍርሃቱ ጣላቸው። አለቃ ሦስት ቀን ከመኝታ አልተነሡም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ካፒቴኑ የላከው ሰው መስሏቸው ጋቢ ይከናነባሉ፤ ማን እንደ ሆነ ሊያዩ የሚወጡት ወለተ ሥላሴ ናቸው።