በፊታችሁ የጣልኩት ቅባት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። ዛሬ ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎቹን የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አምናም እዚሁ ቆሜ መስክሬ ነበር። የዛሬው ምስክርነቴ የአምናውን የሚያፈርስ ነው። ቢሆንም ጌታ ይባረክ፣ እውነትም የሱ ናትና።

ሙያዬ ስፌት ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ በሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ አዴ ነፊሳ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው የምሰፋው። ራስ ምታቱ የጀመረኝም እዚያው ነው። ግንባሬንና የግራ ዐይኔን ጀርባ ይዞ ይወቅረኛል። የስፌት መኪናው በተንኳኳ ቁጥር ራሴ የሚሰነጠቅ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ከቦርሳዬ ሜንቶል ቅባት አውጥቼ ግንባሬን አሻለሁ። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ለጥቂት ሰዓት እፎይ እላለሁ።

አምና እንግዳ አገልጋይ መጥተው የጸለዩልን ዕለት፣ ጠዋት ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ሳለሁ ይዞኝ ነበርና ደህና አድርጌ ተቀብቼ ነው የመጣሁት። አገልጋዩ፣ “ሕመሙ የለቀቀው ሰው ወደ ፊት ይምጣ” አሉ። ራሴን ነቅነቅ አደረግሁ፤ ምንም አያመኝም። የቅባቱ ሥራ መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር፣ ወገኖች። ግን ወጣሁ። “ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ሐኪሜ ኢየሱስ ነው” ብዬ ብልቃጡን እዚህ መድረክ ሥር ጣልኩት። እናንተም እልል አላችሁ። እኔ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለሰብኝ። ከባጃጅ ፈረስ መጋላ ላይ ወርጄ ሌላ ቅባት ገዛሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ ብዬ አልጠራውም። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ከእናንተ አንዱ ያየኛል። ቅባቱን ከሻሼ ሥር ደብቄ እቀባለሁ፣ ሽታው የመጣበት ሰው ሲጠይቀኝ፣ “ጉንፋን ይዞኝ ነው” እላለሁ። ከሁሉ የከፋው ጸሎት ጠፋብኝ። ፈወሰኝ ብዬ ያወራሁበትን ጌታ “ፈውሰኝ” ብዬ በምን አፌ ልለምነው? ተንበርክኬ ዝም እላለሁ፤ እንደዚያው ዝም ብዬ እነሣለሁ።

አንድ ቀን እህት ዘነበች ራሷን አሟት እንድጸልይላት ሱቁ ድረስ መጣች። ገና ተቀብቼ መጨረሴ ነበር። እጄን ግንባሯ ላይ ስጭን፣ “ቀዘቀዘኝ እኮ፣ ኃይሉ ተሰማኝ” አለችኝ። ቅባቱ ነበር፣ እህቴ። እዚያ ተቀምጠሽ እየሰማሽኝ ነው፤ ይቅር በይኝ። አንቺ እያመሰገንሽ ስትሄጂ እኔ ሞቴን ተመኘሁ።

በኋላ ክር ላስገባ ስል መርፌው ይደበዝዘኝ ጀመር። አንድ ቀን ቀኝ ዐይኔን ጨፍኜ ብሞክር መርፌውም፣ ጣቴም፣ መንገዱም የለም። መኪናው ላይ ተደፋሁ። አዴ ነፊሳ ከሱቅ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

“ያ አላህ፣ አንቺ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ የሚቆይ ጉንፋን አለ እንዴ?” አሉኝ። “እኔን ዋሽተሽ ልታልፊ ትችያለሽ። እሱን ምን ብለሽ ልትዋሺው ነው?”

ሱቃቸውን ዘግተው፣ እጄን ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ዐይኔን ለክቶ፣ “ዐይንሽ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶታል፤ ራስሽንም የሚያምሽ ለዚህ ነው” አለኝ። “ቅባቱ ሕመሙን ያስታግሥልሻል እንጂ ይህን አይነካም። የግራው አይመለስም። የቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን። ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን…” ብሎ የጠብታውን ወረቀት ጻፈልኝ። እኔም ቀሪውን እንዲነግረኝ አልጠየቅሁትም።

ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። “ጌታ ሆይ፣ አልተፈወስኩም፤ ዋሽቼብሃለሁ” አልኩት። ድምፅ አልሰማሁም፣ ሙቀትም አልተሰማኝም፣ ዐይኔም አልበራም። ግን በዓመቴ ጸለይኩ። ዳግመኛ እንደማያናግረኝ ቆርጬ ነበርና፣ እኔ ራሴ ማናገር መቻሌ ገረመኝ። ክብር ለስሙ ይሁን።

አሁንም የማለቅስበት ቀን ይበዛል። በግራ በኩል የተቀመጣችሁትን አንገቴን ካላዞርኩ አላያችሁም። በቀኝ ዐይኔ እሰፋለሁ፣ ጠብታዬን ሰዓቱን ጠብቄ አደርጋለሁ፣ እያደረግሁም አመሰግነዋለሁ።

ወገኖች፣ በጌታ ታመኑ። እንደታመማችሁ ወደ እሱ ሂዱ፤ ጤነኛ መስላችሁ እንድትመጡ አልጠየቃችሁም። ከመካከላችሁ እንደ እኔ ሕመሙን ደብቆ የያዘ ሰው ካለ፣ የምቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው። ዛሬም ተቀብቼ ነው የመጣሁት፤ ሽታውን ተከትላችሁ ታገኙኛላችሁ።