ሊወስደኝ የነበረው አውሮፕላን

የአውሮፕላን ኩባንያ ሲከስር መጀመሪያ ቆሻሻው ይቀንሳል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያ ዘመን ኦስሎ አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጥ እጠርግ ነበር። መንገደኛው በፊት በር ሲወርድ እኛ በኋላው በር እንገባለን። ከየወንበሩ ኪስ ጋዜጣውን፣ የቡና ብርጭቆውን፣ የሙዝ ልጣጩን እናወጣለን። ቀበቶውን አጣጥፈን ወንበሩ ላይ እናስተኛዋለን፣ ምንጣፉን እንጠርጋለን። የሚቀጥለው መንገደኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሩጫ ነው። እኔ ደግሞ ከድሮም ሩጫ አይሆንልኝም።

የዓለም ገንዘብ ታመመ በተባለበት ዓመት ግን ሥራው እየቀለለ መጣ። ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ «ፊናንስክሪሰ፣ ፊናንስክሪሰ» ይላል። እኔ ቋንቋውንም ነገሩንም በቅጡ አልያዝሁትም። ባንክ ቤት ይህ ነው የሚባል ነገር የሌለኝ ሰው፣ ባንክ ቢወድቅ ምኔ ላይ ይወድቅብኛል እል ነበር። ብቻ አውሮፕላኖቹ ግማሽ ባዶ ሆነው ያርፉ ጀመር። አንዳንዱ ረድፍ ሙሉውን ሰው ሳይነካው፣ ቀበቶው እኛ እንዳጣጠፍነው ተኝቶ አውሮፓን ዞሮ ይመለሳል። ሰው ያልተቀመጠበትን ምኑን እጠርገዋለሁ? አልፌው እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ለጉልበቴ አዘነለት አልሁ። እንዲያውም ማፏጨት ጀምሬ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ኤርትራዊ ነበር። የአስመራ ሰው፣ ሙስሊም፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ምላሱ የማያርፍ። ሁልጊዜ «ሓወይ» ነው የሚለኝ፣ በቋንቋቸው ወንድሜ ማለት ነው።

«ሓወይ፣ አታፏጭ» አለኝ አንድ ጠዋት። «ሆቴሉ ባዶ ሲሆን ደስ የሚለው አስተናጋጅ አይቼ አላውቅም።»

«አንተ ደግሞ ሥራ ቀለለ ብለህ ታዝናለህ።»

«ሥራው ሲቀል ሲቀል፣ ኋላ እኛም እንቀላለን።»

በዚያው ሰሞን ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ታመመች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናት ሲሉኝ እስካሁን የሚታየኝ የእሷ ጀርባ ነው። ከአገር ስወጣ ተሰናብቶ መውጣት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ስደቱ፣ ወረቀት መጠበቁ፣ የሚስቴ ሕመምና ሞት፣ ልጅ ማሳደጉ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ ዕድሜው ሄደ። ትኬቱም እንደኛ ላለ ቤት የሚደረስበት አልነበረም። በስልክ ድምፅ ብቻ ሆነን ሁለታችንም አረጀን።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው» አለችኝ። «ጭርሱን ሳይጠፋ ና። ፊትህን ልየውና ከዚያ እሱ እንደ ፈቀደ ያድርገኝ።»

«መጣሁ እትዬ።»

«መጣሁ ስትል ስንት ጊዜህ ነው! አንተ ልጅ፣ ሽበትህን እንኳ አላውቀውም እኮ።»

«ሽበት ከየት መጥቶ፣ ፀጉር ሲኖር አይደል?»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት። እስኪለቃት ስልኩን ይዤ ቆምሁ። በመጨረሻ «አብሽር» አለችኝ። የታመመችው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን።

ልጄ የሽማግሌዎች መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ያን ጊዜ አብራኝ ቬስትሊ፣ የባቡሩ መጨረሻ የሆነው ሰፈር ትኖር ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ቆይታ ጮኸች።

«አባዬ፣ ና እይ! ቢሊ ነው፣ በጣም ቢሊ!» ርካሽ ማለቷ ነው።

ትኬቱን የምትሸጠው አንዲት ትንሽ ኩባንያ ነበረች። አውሮፕላኖቿን እኔው ራሴ ነው የምጠርጋቸው። እስከ ግማሽ መንገድ በራሷ አውሮፕላን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ድረስ በሌላ ታሳፍራለች።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የጣሉት?» አልኋት።

«ሰው አይሄድማ። ወንበሩ ባዶውን ከሚሄድ በማይረባ ዋጋም ቢሆን ሰው ይቀመጥበት ብለው ነው።»

«እንደ ምሽት ገበያ ቲማቲም በይኛ።»

«አዎ፣ ልክ እንደሱ!»

ተሳሳቅን። ማታ የሚረክሰው ቲማቲም ለምን እንደሚረክስ ግን ሁለታችንም አላሰብንም። ትኬቱን ቆረጥን። ለእህቴ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብዬ ነገርኋት፤ ቀስ ብላ «እጠብቅሃለሁ» አለች።

ጉዞው ሲቀርብ እንደገና ደወልሁ። ልጇ አነሣው።

«ጠበል ወስደናታል ጋሼ። ስልክ አይደርስም። ብቻ እርስዎ ቶሎ ይምጡ።»

እንዴት ደስ አለኝ! እንደገና ማፏጨት ጀመርሁ። ጠበል የሄደ ሰው ተነሥቶ መሄድ ችሏል ማለት ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ እሷም ጉልበቷን ይበርዳታል፤ እንግዲያው አልሁና ከሱፍ የተሠራ የውስጥ ልብስ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ክረምቱን የሚያልፍበትን፣ ልገዛላት ኤርትራዊውን ጓደኛዬን ይዤ ጋምለ ኦስሎ ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄድሁ። ሻጯ ልጅ መጠኑን ጠየቀችኝ። የእህቴን መጠን ከየት አውቄው? የማውቀው ሕፃን ሆኜ የታዘልሁበትን ጀርባ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሜዳ ሰፊ ነበር። እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋት።

«ይሄን ያህል!»

ልጅቱ ሳቀች። ጓደኛዬ ግን፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት የሚያላግጥብኝ ሰው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የሚያልፈውን ትራም ያያል። የሴት የውስጥ ልብስ አሳፈረው ብዬ እኔው ቀለድሁበት። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት የለህም እንዴ?» አልሁት።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ነን። የዚያች ኩባንያ አውሮፕላን ቆሟል። የነዳጅ መኪናው መጣ፣ ሰውዬው ስልክ ተነጋገረ፣ ቱቦውን ሳይዘረጋ ተመለሰ። አስተናጋጇ ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እኛ መጥረጊያችንን ይዘን ስንቀርብ አለቃችን እጁን አወዛወዘ።

«ኔይ፣ ኔይ! ወደዚያ አትሂዱ። ኮንኩርስ!»

«ምን አለ?» አልሁት ጓደኛዬን።

«ከሰረች ማለቱ ነው» አለ። «አበቃላት።»

ወደ መንገደኞቹ አዳራሽ ስንገባ የኩባንያዋ የትኬት መስኮት ተዘግቷል። ሰዉ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አንድ ኖርዌጂያዊ የሥራ ልብሴን አይቶ ከኩባንያዋ ወገን መሰልሁት፤ ገንዘቤን መልሱ እያለ ጮኸብኝ። እኔም ትኬት አለኝ ልለው ፈልጌ ቋንቋው ጠፋኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ተሰደብሁ።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ዋለች። «አባዬ፣ መጀመሪያ ባንኩ ይወስዳል አሉ፤ ከዚያ ነዳጅ የሸጡላቸው፣ ከዚያ ሠራተኛው። እኛ የመጨረሻ ነን።» የሌሎቹን ኩባንያዎች ዋጋ ስታይ ደግሞ ርካሿ ከገበያ እንደወጣች እነሱ ሽቅብ ወጥተዋል። ኮምፒውተሩን ዘጋችውና ፊቷን በእጇ ያዘች። ለትኬት እንዲህ ማልቀሷ ገረመኝ።

ደሴ ደወልሁ። አውሮፕላኑ መቅረቱን ለእህቴ ልጅ ነገርሁት።

«ግድ የለም ጋሼ» አለ። «እንግዲህ አይቸኩሉ።»

«እሷስ?»

«አሁንም ጠበል ናት።»

ቶሎ ይምጡ ያለኝ ልጅ አይቸኩሉ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንቱን ሰው በማለዳ በር አንኳኩቼ መርዶ ያረዳሁ ሰው፣ ይህን ሰምቼ አልገባኝም። ሰው የሌላውን ነው የሚያውቀው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ቲባነው፣ የከተማው ባቡር፣ ሥራ ሳይጀምር፣ በሩ ተደወለ። ብከፍት ደረጃው በሰው ሞልቷል። ቄሱ ከፊት፣ የሰፈሩ ሐበሾች፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ከኋላ ደግሞ ጓደኛዬ ቆቡን በእጁ ይዞ። በልጄና በቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ሹክሹክታ እንደነበረ ልብ ብዬ ነበር፤ ለትኬት ሊያዋጡልኝ መስሎኛል። አፈርሁ፣ ደስም አለኝ።

«ግቡ፣ ግቡ! ኧረ ለአንድ ትኬት ይሄ ሁሉ ሰው! አውሮፕላኑን ልትገፉልኝ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። በዚህ አገር ጫማ ሳይወለቅ ቤት አይገባም፤ ያን ጊዜ የመጡት ለትኬት እንዳልሆነ ገባኝ። አንዷ ሴት ሄዳ መስኮቶቹን ዘጋጋች።

«ይቀመጡ ወንድሜ» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ቆሜ ልስማው።»

«እህትዎ አርፈዋል። ጠበል ሄደዋል ከተባለበት ቀን በፊት ነው። መንገደኛን ማርዳት ደግ አይደለም፣ እዚያው ከወገንዎ መካከል፣ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ይረዱት ብለን ነበር። እንግዲህ መንገዱ ሲቀር...»

ሌላውን አልሰማሁትም። መጮኼን ግን አውቃለሁ፤ አንዴ ጮህሁ። ወዲያው ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ፣ ወንዶቹ ትከሻዬን ይዘው «ቀስ፣ ቀስ በል፣ ፖሊስ ይጠራሉ» አሉኝ። ለእናቴ የማለቅሰውን ልቅሶ ቀስ ብዬ አለቀስሁ። ዋጥሁት ማለት ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ያለፉትን ሳምንታት ወደ ኋላ አየኋቸው። እሷ አፈር ለብሳ እኔ አፏጫለሁ። እሷ አፈር ለብሳ እኔ ሱቅ ውስጥ እጄን ዘርግቼ የጀርባዋን ስፋት እለካለሁ። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢነሣም ኖሮ የምደርሰው ከመቃብሯ ነበር። ሆኖም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያች ኩባንያ ጥቂት ቀን እንኳ ብትቆይልኝ እያልሁ አዝናለሁ። ትኬት እያለኝ እህት ነበረችኝ።

ከዚያ በኋላ አለቃችን ያንን አውሮፕላን ለመጨረሻ ጊዜ እንድንጠርገው ላከን፤ ባንኩ ሊረከበው ነው። ሞተሩን በሸራ ሸፍነውታል። ውስጡ ይበርዳል፤ መብራት የለም፣ በመስኮቶቹ የሚገባው ግራጫ ብርሃን ብቻ ነው። ልጄ የያዘችልኝን ወንበር አውቀው ነበርና እዚያ ስደርስ ቆምሁ። መስኮት አጠገብ ነው።

ጓደኛዬ በባትሪ የሚሠራውን የአቧራ መምጠጫ አጠፋ።

«ያን ቀን ሱቅ ውስጥ...» አለ።

«አውቄዋለሁ።»

«ልጅህ አስምላኝ ነበር ሓወይ። በቁርኣን አስምላኝ።»

«አውቄዋለሁ አልሁህ።»

መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብሎ ወንበሩ ላይ አስደገፈው። «ተቀመጥ። እዚህ ጎረቤት የለም፣ ፖሊስ የሚጠራ የለም። እስክትጠግብ ጩኽ። በሩን እኔ እይዛለሁ።» ሄዶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

ተቀመጥሁ። ቀበቶው እንዳጣጠፍሁት ተኝቷል። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልመጣም። ጠበቅሁት። በመስኮቱ ሌላ ኩባንያ አውሮፕላን ሲነሣ ይታያል፣ ግማሹ ባዶ ይሆናል። እንደገና ሞከርሁ። የለም። ቬስትሊ የዋጥሁት እዚያው ቀርቷል።

ተነሥቼ ቀበቶውን እንደገና አጣጠፍሁት። የተቀመጥሁበትን ጠረግሁና ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፍሁ።